ፍቅሩ ከልምምዱ ይውጣ፦ የፊልምና የውዝዋዜ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበቡ በጥቅምት አባላቱን መዝግቦ ሲጨርስ የያዘው ዕቅድ አጭር ነበር፤ ለአንድ ትርኢት አብረው ሲለማመዱ የሚዋደዱ ሁለት ወጣቶችን የሚያሳይ አጭር ፊልም ሠርቶ በወላጆች ቀን ማቅረብ። አባላቱ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ሲሆኑ ገሚሱ ካሜራ፣ ገሚሱ እስክስታ ስቦት የመጣ ነው። የመጀመሪያዎቹን ረቂቆች ሰብስቦ ያነበበ ሰው ግን ልምምድ የሚባል ነገር አያገኝባቸውም። ካፌ አለ፣ ዝናብ አለ፣ በስሕተት የተላከ የስልክ መልእክት አለ፣ ሆስፒታልም አለ። በአገራችን ሲኒማ የፍቅር ኮሜዲ እንዲህ ገኖ ሳለ ልጆቹ ከዚያ መቅዳታቸው አይገርምም። ችግሩ ሌላ ነው፤ በእነዚያ ረቂቆች ውስጥ ውዝዋዜው ወጥቶ የሒሳብ ጥናት ቢተካበት ታሪኩ አንድም ነገር አይጎድልበትም። ስለዚህ የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት በሙሉ ለአንድ ጥያቄ ተሰጠ፤ ሁለት ሰዎች እየተለማመዱ ሲዋደዱ፣ መዋደዳቸው በልምምዱ ላይ በምን ይታያል?

ለመማሪያ የተመረጠው «ስትሪክትሊ ቦልሩም» የተሰኘው የአውስትራሊያ ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣ፣ የአዘጋጁ የባዝ ለርማን የመጀመሪያ የሲኒማ ሥራ ሲሆን ርዝመቱ 94 ደቂቃ ነው። አመጣጡም ለትምህርት ቤት ክበብ የሚመች ነው፤ ለርማን በሲድኒ የድራማ ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1984 ከጓደኞቹ ጋር ካቀናበረው አጭር ተውኔት ያደገ ፊልም ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ስኮት ከልጅነቱ ለውድድር ሲዘጋጅ የኖረ የቦልሩም (ተያይዘው በጥንድ የሚጨፍሩት ውዝዋዜ) ተወዛዋዥ ነው። ሕጉ የማይፈቅዳቸውን የራሱን እርምጃዎች ጨምሮ ሲጨፍር ጥንዱ የነበረችው ልጅ ጥላው ትሄዳለች። ከጀማሪዎቹ መካከል የሆነች፣ መነጽር የምታደርግ፣ ዞር ብሎ ያያት ሰው የሌለ ፍራን የምትባል ልጅ «ከእኔ ጋር ጨፍር» ትለዋለች። ከዚያ በኋላ ያለው ፊልም በአመዛኙ የእነርሱ ልምምድ ነው።

ፊልሙ ለሦስት ተከፍሎ ታየ። በእያንዳንዱ ዕይታ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ነገር ብቻ ይከታተላል፤ አንዱ እግር፣ ሌላው እጅ፣ ሌላው ዓይን፣ ሌላው ደግሞ ማን ማንን እንደሚያርም። «ፊልሙን እዩና አስተያየት ስጡ» ከተባሉ የሚመጣው «ደስ ይላል» ብቻ ነው። አንድ ነገር ብቻ የሚያይ ተማሪ ግን ሳይወድ በግዱ ዝርዝር ይዞ ይመጣል። ከሁሉም የጠቀመው የአራሚዎቹ ዝርዝር ነው። መጀመሪያ ላይ አራሚው ስኮት ነው፤ አቋቋሟንና አያያዟን ያስተካክላል። ወደ ፍራን ቤት ሲሄድ ነገሩ ይገለበጣል። ስፔናዊው አባቷ ሪኮ «እስቲ ፓሶ ዶብሌህን አሳየን» ይለዋል (ፓሶ ዶብሌ ከቦልሩም ውዝዋዜዎች አንዱ ነው)፤ ያሳያል፤ የተሰበሰበው ሁሉ ይስቅበታል። ከዚያ አባትየው ይነሣና እውነተኛውን ያሳየዋል። የሪኮን ቦታ የያዘው አንቶኒዮ ቫርጋስ በሙያው የፍላሜንኮ፣ የስፔን ባህላዊ ውዝዋዜ፣ ተወዛዋዥ ስለሆነ ያ ትዕይንት በካሜራ ብልሃት የተሸፈነ አይደለም፤ እግሩ ራሱ ይመሰክራል።

ከዚህ የወጣው የአጻጻፍ ደንብ የዓመቱ ዋና ትምህርት ሆነ። የልምምድ ትዕይንት የሚጽፍ ተማሪ ንግግር ከመጻፉ በፊት በትንሽ ካርድ ላይ ሦስት መስመር ይሞላል፤ ማን ማንን ያርማል፣ የሚታረመው የትኛው የሰውነት ክፍል ነው፣ ትዕይንቱ ሲያልቅ ሳይታረም የቀረው ምንድን ነው። ሦስተኛው መስመር ባዶ ከሆነ ቀጣዩ ትዕይንት መነሻ የለውም። በሁለት ተከታታይ ካርዶች ላይ አራሚው ያው ሰው ከሆነ ደግሞ ከሁለቱ አንዱ ይጣላል። አንድ ትዕይንት ከአንድ ስሕተት በላይ አይሸከምም። ትከሻም፣ ምትም፣ ዓይንም በአንድ ጊዜ የሚታረምበት ትዕይንት ተመልካቹ ምን እንደተሻሻለ ሳይለይ ያልፋል። እንዲህ ሲጣራ ረቂቁ ወደ ግማሽ ወረደ፤ ካፌውም ሆስፒታሉም ወጡ። የተረፈው ታሪክ ቀላል ነው። ልጁ ከቪዲዮ የተማረ፣ ትከሻው የጠራ፣ ለመድረክ ፊቱን መስጠት የሚያውቅ ነው። ልጅቷ ሠርግ ቤት ያደገች ናት፤ መድረክ አታውቅም፣ መጠበቅ ግን ታውቃለች። መጀመሪያ እርሱ ያርማታል፤ ከመሐል ጀምሮ እርሷ ታርመዋለች።

እስክስታው የተመረጠው ብዙዎቹ ስለሚወዱት ብቻ አይደለም። የቦልሩም ፊልም ቅርበትን የሚያሳየው በመያያዝ ነው። በእስክስታ ግን ወንዱና ሴቷ አይነካኩም፤ ፊት ለፊት ቆመው የሚነጋገሩት በትከሻ፣ በአንገትና በዓይን ነው። ፍቅሩ ያለው በመካከላቸው ባለው ክፍተት ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። ካሜራውም መቅረጽ ያለበት ያንን ክፍተት ነው። (ለወላጆች የሚላከው የፈቃድ ደብዳቤም በዚህ ምክንያት ብዙ ማብራሪያ አላስፈለገውም።)

ችግሩ የጀመረው ከቆጠራ ነው። ከኢንተርኔት የተማሩት ልጆች «5፣ 6፣ 7፣ 8» ብለው ይነሣሉ። ፓሶ ዶብሌ በ2/4 የሚሄድ፣ በውድድር በደቂቃ ወደ 120 ምት የሚቆጠርለት የሰልፍ ዓይነት ዜማ ስለሆነ ይህ ቆጠራ ይሠራለታል። ችክችካ የሚባለው የእስክስታው ምት ግን 6/8 ነው። በአንድ ባር (እየተደጋገመ በሚሄደው የዜማ መለኪያ) ውስጥ ስድስት ትንንሽ ምት አለ፤ ከእነርሱ 1ኛውና 4ኛው ትልልቆቹ ናቸው። ትንንሾቹን እስከ 8 የሚቆጥር ልጅ በየባሩ ሁለት ሁለት እየተንሸራተተ ይሄዳል፤ ከሙዚቃው ጋር ተመልሶ የሚገጥመው ሦስት ጊዜ 8 ቆጥሮ ሲጨርስ፣ አራት ባር ሲሞላ ነው። በመካከሉ ጥንዱ «አንተ ፈጠንክ»፣ «አንቺ ዘገየሽ» እያሉ ይጣላሉ፤ ሁለቱም ግን በየራሳቸው ቆጠራ ልክ ናቸው። መፍትሔው ትልልቆቹን ምት ብቻ መቁጠር ነው፤ 8 ትልልቅ ምት 4 ሙሉ ባር ይሆናል። እግርና ጭብጨባ ትልቁን ይይዛሉ፣ ትከሻ ትንንሾቹን ይከፋፍላል።

ልምምዱም በዚሁ ቅደም ተከተል ሄደ። መጀመሪያ ጭብጨባ ብቻ፤ ትከሻ አይነካም። ቀጥሎ ትንፋሽ፤ ተወዛዋዡ «እስ፣ እስ» ሲል የሚሰማው ለጌጥ የተጨመረ አይደለም፣ ትንፋሽን የያዘ ሰው ትከሻው ይደነድናል፣ ትንፋሹ ሲወጣ ይለቃል። ከዚያ ትከሻው በዝግታ ይጀመራል፤ በስልክ ሜትሮኖም (ምት በሚቆጥር መተግበሪያ) ላይ ትልቁ ምት በደቂቃ 70 ተደርጎ፣ በ5 በ5 እየጨመረ እስከ 120። ፍጥነት የሚጨመረው ጥንዱ ትከሻውን ቁልቁል ሳያይ፣ ዓይን ለዓይን እንደተያየ 16 ትልልቅ ምት መጨረስ ሲችል ብቻ ነው። ይህ ደንብ ብዙ አስቸገረ፤ ብቻውን የሚችል ልጅ ሰው ፊት ለፊት ሲቆም ይስቃል ወይም ጣሪያ ያያል። ሳቁን መቆጣት አያዋጣም። ልምምዱን ሳያቋርጡ በ70 ላይ ማቆየት ይሻላል፤ ሳቅ ከጥቂት ባሮች በላይ አይቆይም።

ማሟሟቂያ ቢያንስ 10 ደቂቃ ይወስዳል፤ ከእግር ተጀምሮ ትከሻና አንገት የሚመጡት መጨረሻ ላይ ነው። አንገትን ወደ ኋላ ጥሎ ማሽከርከር ተከልክሏል፤ ወደ ጎንና ወደ ፊት ብቻ። ሳያሟሙቅ በሙሉ ፍጥነት ትከሻውን የሰበቀ ልጅ በማግሥቱ አንገቱን ማዞር ይቸግረዋል፤ ያ ማለት ሳምንቱ ለጥንዱም ጠፋ ማለት ነው።

እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ቋሚ ጥንድ አልተመደበም፤ በየሳምንቱ ይቀያየራሉ። ሁለት ሰዎች ከመጀመሪያው ቀን አብረው ከቆዩ አንዱ የሌላውን ስሕተት ይለምዳል። አብረው ሲሆኑ ልክ ይመስላሉ፣ ሲለያዩ ግን ሁለቱም ምቱን ያጣሉ። የቁመት ልዩነት ያስጨነቃቸው ጥንዶች ነበሩ። እስክስታ ራሱ ወረድ ብሎ በጉልበት መጨፈርን ስለሚያውቅ ረጅሙ ልጅ የሚወርድበት ቦታ ተጻፈለት፤ ያ ወረድ ማለት በፊልሙ ላይ እንደ አክብሮት ታየ።

ከሁሉ የከበደው መጠበቅ ነው። አንዱ አራት ትልልቅ ምት ትከሻውን ይሰጣል፣ ሌላው ዝም ብሎ ይቀበላል፣ ከዚያ ይመልሳል። ልጆቹ ግን ዝም ማለት አይሆንላቸውም፤ ሥራ የፈታ ላለመምሰል ሁለቱም ሳያቋርጡ ይንቀጠቀጣሉ፤ ተመልካች ማንን እንደሚያይ ይጠፋዋል። ተቀባዩ በተራው እንዲያጨበጭብ ሲደረግ ነገሩ ተፈታ። እጁ ሥራ ስላገኘ ትከሻው ያርፋል፤ ዓይኑም የሚሄድበት ቦታ ስለሌለው ፊት ለፊቱ የቆመው ሰው ላይ ይቀራል። በፊልሙ ጥሩ የተባሉት ቀረጻዎች በሙሉ የሚጠብቀው ሰው ፊት የሚታይባቸው ናቸው።

ሌላው እንቅፋት የመድረክ ልማድ ነው። በ1927 ዓ.ም. ከተመሠረተው ከሀገር ፍቅር ጀምሮ የባህል ውዝዋዜ በመድረክ፣ በኋላም በቴሌቪዥን፣ ተሰልፎ ፊቱን ለታዳሚ እየሰጠ መጥቷል። በሠርግ ቤት ያለው እስክስታ ግን ክብ ነው፤ ሰው የሚጨፍረው ለሚያጨበጭብለት እንጂ ለባዶ አቅጣጫ አይደለም። ልጆቹ ያደጉት ሁለቱንም እያዩ ነው፤ ካሜራ ሲያዩ ግን ወዲያው ወደ ሰልፍ ይመለሳሉ። ስለዚህ የልምምድ ትዕይንቶች በሙሉ በክብ ተቀረጹ፣ የመጨረሻው ትርኢት ብቻ በሰልፍ።

ወደ ቀረጻው ስንመጣ መሣሪያው ሁለት ስልክ፣ አንድ ትራይፖድ፣ ከሚኒ ሚዲያ ክበብ በውሰት የመጣ ስፒከርና አንድ ማይክ ነው። አገራችን የምትጠቀመው 50 ኸርዝ የኤሌክትሪክ ኃይል ስለሆነ በአዳራሹ ረጃጅም አምፖሎች ሥር በሰከንድ በ30 ፍሬም (ነጠላ ሥዕል) የተቀረጸው ይርገበገባል። ስልኩን በእጅ ማስተካከያ ወደ 25 ፍሬም ማምጣት፣ ሻተሩን፣ ካሜራው ለእያንዳንዱ ሥዕል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ፣ 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ላይ ማቆም ያስፈልጋል። ለእስክስታ 1/100 ይመረጣል፤ በ1/50 ትከሻው ጭጋግ ይሆናል። በዝግታ ለማሳየት በ120 ፍሬም መቅረጽ በአምፖል ብርሃን አይሆንም፤ ፀሐይ ያስፈልገዋል። ፀሐይም ቢሆን እኩለ ቀን አናት ላይ ሆና የዓይን ጉድጓድን ታጠቁራለች። ስለዚህ የውጭ ቀረጻ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ብቻ ተያዘ።

ነጭ የአበሻ ልብስ የስልክን ካሜራ ያታልላል። ካሜራው ነጩን አይቶ ሥዕሉን ያጨልማል፤ ልብሱ አምሮ ፊቱ ይጠቁራል። ፊቱን ነክቶ መቆለፍ፣ ከዚያ ጥቂት ከፍ ማድረግ ነው። ካሜራው የሚቀመጥበት ቦታም ይወስናል። የትከሻው ወደ ፊትና ወደ ኋላ መሄድ በቀጥታ ከፊት ሲታይ ይጠፋል፤ ከጎን ሲታይ አንዱ ትከሻ ሌላውን ይሸፍናል። በደረት ከፍታ፣ በ45 ዲግሪ ገደማ ሲቆም ሁለቱም ይታያሉ። ሁለቱን ሰዎች ለየብቻ እየቀረጹ መቀጣጠል ቀላል ይመስላል፤ ሲቀናበር ግን ክፍተቱ ይጠፋል፣ ሁለት ብቻቸውን የሚጨፍሩ ሰዎች ይሆናሉ። ቢያንስ በየትዕይንቱ አንድ ሙሉ ባለ 8 ምት ሁለቱንም በአንድ ፍሬም መያዝ አለበት።

ድምፅ ከሥዕሉ በላይ ጊዜ በላ። ስፒከሩ በብሉቱዝ ሲገናኝ ሙዚቃው ዘግይቶ ስለሚወጣ ኮምፒውተሩ ላይ ካለው ዜማ ጋር አይገጥምም፤ ኬብል ይሻላል። ርቀትም ይቆጠራል። ድምፅ በሰከንድ ወደ 340 ሜትር ስለሚጓዝ ስፒከሩ 17 ሜትር ርቆ ሲቀመጥ ምቱ በ0.05 ሰከንድ፣ ከአንድ ፍሬም በላይ፣ ዘግይቶ ይደርሳል። በሜዳው ማዶ የቆሙት አጃቢዎች ሁልጊዜ የዘገዩ የሚመስሉት ለዚህ ነው። ለማገጣጠም ከእያንዳንዱ ቀረጻ በፊት አንድ ሰው ካሜራው ፊት አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጎ ያጨበጭባል። ንግግር ባለበት ትዕይንት ሙዚቃው ለአራት ባር ይከፈትና ይዘጋል፤ ተዋንያኑ ምቱን በሆዳቸው ይዘው ይቀጥላሉ፣ ማይኩ የሚወስደው ቃላቱን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር ተነሣ። በአውስትራሊያው ፊልም መጨረሻ ሙዚቃው ሲቋረጥ የስኮት አባት ማጨብጨብ ይጀምራል፣ ጥንዱም በጭብጨባ ይጨፍራል። ልጆቹ ያንን ለእኛም መደምደሚያ ይሁን አሉ፤ መብራት መጥፋት ለእኛ እንግዳ አይደለም፣ ጭብጨባም የራሳችን ነው። ክበቡ መደምደሚያ መቅዳት እንደማይቻል ወሰነ፤ የመብራቱ መጥፋት ግን ወደ ሦስተኛው ልምምድ ተዛወረ። ውጤቱ ከተጠበቀው በላይ ነው። ስፒከሩ ዝም ሲል ቪዲዮ የለመደው ልጅ ይቆማል፤ ልጅቷ እያጨበጨበች ትቀጥላለች። አራሚው የሚቀየረው እዚያ ላይ ነው፤ አንድም ቃል አልተጻፈለትም።

ከበሮው በቀጥታ የተመታባቸው ቀረጻዎች ለቅንብር አልመቹም። ከበሮ መቺ ሲሞቀው ይፈጥናል፤ መጀመሪያና መጨረሻ የተቀረጹት አይገጣጠሙም። በጆሮው ሜትሮኖም ሲደረግለት ተስተካከለ። በሚያዝያ ዝናብ ቆዳው ሲላላ ፀሐይ ላይ ማቆየት ነው እንጂ ጠንክሮ መምታት ድምፁን አያመጣውም።

በዚህ ዓመት ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገብቶ ፋሲካ ሚያዝያ 12 ዋለ፤ ረመዳንም የካቲት 22 ተጀምሮ ከጾሙ ጋር ተደራረበ። ከሰዓት በኋላ ባዶ ሆዱን ያለን ልጅ በ120 ምት ማስጨፈር ተገቢ ስላልሆነ ያ ወቅት ለንግግር ትዕይንቶች፣ ለእጅና ለዓይን ቅርብ ቀረጻዎች፣ ለቅንብር ሥልጠና ተመደበ። ትልልቆቹ የውዝዋዜ ቀረጻዎች ከጾሙ በኋላ ተጠናቀቁ።

የትዕይንት ተከታታይነት የሚፈርሰው ማንም ባልጠበቀው ነገር ነው። የልጅቷ ሹሩባ ዋናው ነው። ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ሲፈታ ወይም ሲበላሽ በፊልሙ ውስጥ በአንድ ቀን የሆኑ ትዕይንቶች ሁለት ዓይነት ፀጉር ይዘው ይቀራሉ። ስለዚህ የቀረጻ ፕሮግራሙ የወጣው በሹሩባው ነው፤ አንድ ሹሩባ፣ አንድ ቡድን ትዕይንት፣ ከመፍታቷ በፊት ከአራት አቅጣጫ ፎቶ። ሁለተኛው ነጠላ ነው። በአንድ ቀረጻ ጥለቱ ወደ አንገት ወጥቶ እንደ ለቅሶ ተለብሶ ነበር። ልጆቹ አላስተዋሉትም፤ ከአስተዳደር ሠራተኞቻችን አንዷ እናት አይተው «ምነው፣ ማን ሞተ?» ሲሉ ትዕይንቱ እንደገና ተቀረጸ።

በቅንብር ላይ በ120 ምት አንድ ምት 12.5 ፍሬም ስለሚሆን በየምቱ መቁረጥ አይገጥምም፤ ሁለት ምት ግን ልክ 25 ፍሬም ነው። መቁረጫው ከትልቁ ምት አንድ ፍሬም ቀደም ሲል ዓይን አይሰናከልም። በየምቱ የተቆረጠው የመጀመሪያው ቅጂ ማስታወቂያ መሰለ፤ በሁለተኛው ቅጂ በየአራት ባር ሲቆረጥ ሰዎቹ ታዩ። የማከማቻ ቦታም ይታሰብበት፤ አንድ ደቂቃ ቀረጻ ወደ 130 ሜጋባይት ይወስዳል።

በሰኔ በወላጆች ቀን ፊልሙ ከመታየቱ በፊት ሦስት ጥንዶች በመድረክ ጨፈሩ። የአዳራሹ መስኮቶች በጥቁር ሸራ ቢሸፈኑም የጨለማ ትዕይንቶቹ በፕሮጀክተር ላይ ደብዝዘዋል። በኮምፒውተር ላይ ልክ የሆነ ሥዕል ለአዳራሽ አንድ ደረጃ መፍካት አለበት። የተመልካች ፊቶች የተቀረጹት በዕለቱ ሲሆን ወደ መጨረሻው ቅጂ የሚገቡት በክረምት ነው።

ጥሬ ቀረጻው፣ ሦስት መስመር ያላቸው ካርዶችና የሹሩባው ፎቶዎች በክበቡ ሃርድ ዲስክ ላይ «2017» በሚል አቃፊ ተቀምጠዋል። ለ2018 አባላቱ የጉራጌ ጭፈራን መርጠዋል። ዝላዩ በሲሚንቶ ወለል ላይ ቅልጥምን ስለሚያሳምም ከምዝገባው በፊት ለልምምድ ክፍሉ ወፍራም ምንጣፍ ወይም የጣውላ ወለል እንዲገኝ ለአስተዳደሩ ጥያቄ ቀርቧል። እስከዚያ ድረስ ልምምዱ በሣሩ ሜዳ ላይ፣ በጫማ ይሆናል።